ዋንዛው አይዘፍንም

ደሴ ያለው የአያቴ ቤት ሲፈርስ የወሰድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጓዳውን በር። ሁለት ሰፋፊ የዋንዛ ጣውላ፣ የዓመታት ጭስ የጠጣ፣ አንዱ ላይ የመቀርቀሪያ ቀዳዳ ያለው። ጊታር ላሠራበት ነው። አጎቴ ሲሰማ «ሰው ከደሴ ማር ይዞ ይሄዳል፣ አንተ በር!» ብሎ ሳቀብኝ።

በሩን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ ነው። አገላብጠው አዩት፣ ጫፉን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት፣ በመላጊያ አንዴ ላጥ አድርገው አሸተቱት። እኔ ደግሞ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት በጣቴ አንኳኳሁና «ጋሼ፣ ድምፁን እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«ድምፁን እንጃ ልጄ። ግን ደርቋል፤ አይጣመምብህም።»

እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። ሌላ መልስ ነበር የጠበቅኩት።

ጊታር ለማሠራት ያሰበ ሰው ኢንተርኔት ላይ ወራት ሲያሳልፍ የሚለምደው ቋንቋ አለ። ስፕሩስ «ጥርት ያለ» ነው፣ ሴዳር «ሞቅ ያለ»፣ ማሆጋኒ «ደረቅ»፣ ሮዝውድ «ጥልቅ»። ልክ እንደ ቡና ቀማሽ። እኛም የራሳችን አለን፦ ዋንዛ ትዝታን ያውቃል፣ የወሎ ዋንዛ ላይ አምባሰል ሲመታ ሆድ ያባባል። ይህን ሌላ ሰው አይደለም ያለው፤ እኔው ነኝ፣ አንድ ምሽት ለጓደኞቼ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ስለዚህ ይህ ሂስ የሚጀምረው ከራሴ ነው።

ሙግቴ አጭር ነው። ይህ ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ጥሩ ሥነ ጽሑፍም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ልኬት መስሎ መቅረቡ ነው። ልኬት ነኝ ካለ ደግሞ መፈተን አለበት።

ተፈትኗልም። ስፔናዊው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከወረቀት ካርቶን የሆነ ጊታር ሠራ። ፊቱን ብቻ ከእንጨት አደረገው። ሊያሳይ የፈለገው የድምፁ ዋና ሥራ ያለው ፊቱ ላይ መሆኑን ነበር። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ስድስት ጊታሮችን አወዳደረ። ልዩነታቸው የጀርባና የጎን እንጨታቸው ብቻ ነው፤ ከውዱ የብራዚል ሮዝውድ እስከ ርካሹ ሳፔሌ። 52 ጊታር ተጫዋቾች ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ የብየዳ መነጽር አድርገው ተጫወቱባቸው። የሰጡት ነጥብ ተቀራራቢ ሆነ። መነጽሩ «ጥልቁን» ድምፅ ይዞት ሄደ ማለት ነው።

«ታዲያ እንጨት ሁሉ እኩል ነው?» አይደለም። የፊቱ እንጨት ቀላልም ግትርም መሆን አለበት፤ ስፕሩስ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ግን እዚህም ላይ የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቀመር አለች፦ የአንድ ሰሌዳ ግትርነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚሄደው። 3 ሚሊ ሜትር የነበረውን ፊት ወደ 2.7 ብታሳሳው ግትርነቱ 27 በመቶ ይወርዳል። የሦስት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ነገር ነው እኮ! ስለዚህ ከእንጨቱ ስም ይልቅ መላጊያ የያዘው እጅ መቼ እንደሚያቆም ማወቁ ይበልጣል። ስለዚያ እጅ ግን ማንም ሲቀኝ አልሰማሁም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። የባህላዊው ክራር ፊት ጭራሽ እንጨት አይደለም፤ የተወጠረ ቆዳ ነው። የበገና ያ የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚመጣው በአሥሩ ጅማቶችና በድልድዩ መካከል ከሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዝራ ነው። እንዝራውን አውጣና ያው በገና ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ተሸክመዋል። እነሱም ቢሆኑ ያሉት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀትና በተጫዋቹ ጣት ውስጥ ነው። አስናቀች ወርቁ ክራር ስትጫወት ስሙ፤ የምትሰሙት ሰው ነው።

ታዲያ አባቶቻችን ለምን ዋንዛን መረጡ? ሙቀጫው፣ ከበሮው፣ በርጩማው፣ በሩ ለምን ከዋንዛ ሆነ? ዋንዛ ለመፈልፈል ይመቻል፣ ሲደርቅ እንደ ሌላው ብዙ አይሰነጠቅም፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ለክራር ሠሪም ለሙቀጫ ሠሪም ምክንያቱ ያው ነው። የሰኞ ገበያው አዛውንት መልስ ቅር ያሰኘኝ ግጥም ስለጠበቅኩ ነው። እሳቸው ግን የነገሩኝ ለጊታር ዋናውን ነገር ነበር። በጭጋጋማው የደሴ ክረምት የተሠራ ጊታር ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲገባ እንጨቱ እርጥበቱን ይለቅና ይኮማተራል። በደንብ ያልደረቀ ከሆነ ይሰነጠቃል። «አይጣመምብህም» ከ«ሞቅ ያለ» ይልቅ ብዙ ያዘለ ቃል ነው።

«ተወው፣ ተረት ማንን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ዛፉን ይጎዳል። የብራዚል ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ክልከላ ሥር የገባው እየጠፋ ስለሆነ ነው፤ ጊታር ብቻውን አልጨረሰውም፣ ግን «እንደሱ የሚዘፍን የለም» የሚለው ወሬ ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎታል። እኛም ዘንድ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም የጠራቸው አራት ዛፎች ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ናቸው። «ዋንዛ ካልሆነ ትዝታ አይወጣም» ያልኩ ምሽት፣ አንዱ ጓደኛዬ አምኖኝ አዲስ የተቆረጠ ዋንዛ ቢያዝ ኖሮ ተጠያቂው ማን ነበር?

አንድ ነገር ግን አልክድም። ያ መነጽር እኔንም ቢያስሩልኝ በሬን ከፕላይውድ አልለየውም ይሆናል። ያም ሆኖ በሩን እፈልገዋለሁ። የአያቴ እጅ ስንት ሺህ ጊዜ ገፍቶታል! ይህ ግን የእኔ ትዝታ እንጂ የዛፉ ድምፅ አይደለም። ለፍቅር ፊዚክስ ምስክር አያስፈልገውም። የምወደውን ነገር ስለምወደው ብቻ መምረጥ እችላለሁ፤ በሳይንስ ስም ለሌላው መሸጥ ነው ነውሩ።

ውሳኔዬ እንዲህ ሆነ፦ ፊቱ ተገዝቶ የሚመጣ ስፕሩስ፣ ጀርባውና ጎኑ የጓዳው በር። ጊታሩን የሚሠራልኝ ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ አዛውንቱ ጣውላውን በስሱ ሰንጥቀው አስረው ሰጡኝ። ሂሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«የመቀርቀሪያዋን ቀዳዳ ልድፈንልህ?»

«ይተዉት ጋሼ» አልኳቸው።

«ድምፅ ያበላሽብህ እንደሆነስ?»

ሁለታችንም ሳቅን።