የደብር ዐጸድ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ፣ ከታረሰው ሜዳ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቅ ባለለት ጊዜ፣ ጉልላቱን ሳያይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። ጽዱንና ወይራውን፣ ኮሶውንና ዋንዛውን እንደ መቅደሱ ልብስ ቈጥረው፣ ምሳር እንዳይነሣበት በግዝት ላጸኑት አበው ምስጋና ይገባል።

ሕንጻውም ከዚሁ ጥበብ የተወለደ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው ጽድ ዓምድ ሆኖ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ግድግዳውን አልብሶት፣ ክቡ ቤት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። የቅኔ ተማሪውም ጎጆውን በዚያው ጥላ ሥር ይቀልሳል፤ ከዚህ የሚበልጥ የትምህርት ግቢ እኔ አላውቅም።

በደቡብ ጎንደር 28 የደብር ደኖችን የመረመሩት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳስረዱት፣ የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ስለማይቆይ፣ እናት ዛፉ ከወደቀ መሬቱ በራሱ አይተካውም። ስለዚህም ከብት ቡቃያውን እንዳይረግጠው በየደብሩ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲታጠር መትጋታቸው እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ድንጋዩ ከማሳ ሲለቀም ደግሞ ለገበሬው ማረሻ እፎይታ ነው።