ቆሎ አልደቅ ሲል

በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ለሚያቋርጠው ስሊፕ አፕኒያና ለማንኮራፋት የሚታዘዘውን የአፍ መሣሪያ ለክቶ ለማስረከብ ጥቂት ቀጠሮ ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ነው።

ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ናቸው። አየር እየገፋ ጉሮሮን የሚከፍተው ሲፓፕ የሚባለው ማሽን የትንፋሽ መቋረጥን በመቀነስ ከአፍ መሣሪያው ይበልጣል፤ ይህን ከማንም አልደብቅም። ግን አልጋ ሥር የተቀመጠ ማሽን ማንንም አይረዳም። የማሽኑን ጭንብል አልቻልነውም ብለው ወደ እኔ የሚመጡት መሪ እንደያዙ እንቅልፍ የሚጥላቸው ሰዎች ስለሆኑ፣ አድርገውት የሚያድሩትን ነገር መስጠት አለብኝ።

መሣሪያው የላይና የታች ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሁለት የአክሪሊክ ወይም የናይለን ሽፋን ነው። የታችኛውን መንጋጋ ጥቂት ሚሊሜትር ወደፊት ስቦ ይይዛል፤ ምላስም አብሮ ስለሚሳብ በእንቅልፍ ሲላላ የሚጠበው ጉሮሮ ይሰፋል። ስለካ ታካሚው አገጩን ወደኋላ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያም ወደፊት እስከሚችለው እንዲያንቀሳቅስ አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜ ከመካከሉ እጀምርና ትንፋሹ እስኪስተካከል በየሳምንቱ በጥቂቱ አስጠጋለሁ። አንዳንዱ ቶሎ እንዲሻለው ብሎ መንጋጋውን የሚያስጠጋውን የመሣሪያውን ብሎን ራሱ አብዝቶ ያዞራል፤ ጠዋት መንጋጋው ተይዞ ይነሳል።

ማንኮራፋት ጠፋ ማለት አፕኒያው ጠፋ ማለት አይደለም። የታካሚ ሚስት «አሁንማ ሰላም ተኛን» ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ምስክርነቷ ግን ስለ ድምፁ ብቻ ነው። ድምፁ ዝም ብሎ ትንፋሹ በሰዓት 20 ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። ይህ ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ነው፤ ከ30 ሲያልፍ ከባድ ይባላል። ስለዚህ መሣሪያው አፍ ውስጥ እያለ የእንቅልፍ ምርመራው እንዲደገም እጠይቃለሁ። ሰው በዓመታት ውስጥ ኪሎ ይጨምራል፣ ያረጃል፤ ያኔ የበቃው አሁን ላይበቃ ስለሚችል ምርመራው አንዴ ተደርጎ የሚተው አይደለም።

ጥርስን በተመለከተ፣ መሣሪያውን ለዓመታት ሳያቋርጡ ያደረጉ አንድ ሾፌር «ዶክተር፣ ቆሎ አልደቅ አለኝ» አሉኝ። የሚያም ነገር የለም፣ የተነቃነቀ ጥርስም የለም። ውፍረቱ 8 ማይክሮን የሆነውን ስስ የብረት ቅጠል በቀኝ መንጋጋ ጥርሶቻቸው መካከል አስገብቼ «ይንከሱልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም መያዝ ወጣ፤ በግራም እንዲሁ። በፊት ጥርሶቻቸው መካከል ሳስገባው ግን ተነክሶ ቀረ። መንጋጋው ወደ ቦታው ለመመለስ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚታገል የላይኛውን ፊት ጥርስ ወደኋላ፣ የታችኛውን ወደፊት ይገፋል፤ የኋላዎቹም ቀስ በቀስ መገናኘት ያቆማሉ። በካናዳ ቫንኩቨር 77 ታካሚዎች በአማካይ ለ11 ዓመት ገደማ ሲታዩ፣ የላይኛው ፊት ጥርስ የታችኛውን የሚሸፍንበት መጠን በአማካይ 2.3 ሚሊሜትር ቀንሶ ተገኝቷል። ለውጡ በጣም ዝግ ስለሚል ብዙዎቹ ታካሚዎች ልብ አይሉትም። በየዓመቱ ኑ የምለው ለዚህ ነው፤ «ደህና ነኝ» ብሎ የሚቀረው ሰው እጅግ ያሳስበኛል።

መሣሪያውን ሳስረክብ ትንሽ የንክሻ ማስተካከያም አብሬ እሰጣለሁ። ጠዋት መሣሪያው እንደወጣ የኋላ ጥርሶች እስኪገናኙ ድረስ እሷን ነክሶ መቆየት ያስፈልጋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ወደ ደለስ ኤርፖርት የሚበር ሾፌር ይህን እንደሚዘል አውቃለሁ፤ መኪና ውስጥ አስቀምጡና መንገድ ላይ ንከሷት እላቸዋለሁ።

ለባለ ቆሎው ሾፌር ሦስት መንገድ አስቀመጥኩላቸው፦ መሣሪያውን ትተው ወደ ሲፓፕ መመለስ፣ በብሎኑ መንጋጋውን ትንሽ ወደኋላ መልሶ ምርመራውን መድገም፣ ወይም የጥርሱን ለውጥ ተቀብሎ እንዳለ መቀጠል። አፕኒያ የሚጎዳቸው ልብና አንጎል ከጥርስ አገጣጠም ይቀድማሉ ብዬ አምናለሁ፤ አልኳቸውም። ሁለተኛውን መረጡ። በአዲሱ ልክ የተደረገው ምርመራ በሰዓት ከ10 በታች ስላሳየ በዚያው ቀጠልን፤ የብረት ቅጠሉን ግን አሁን በየስድስት ወሩ ነው የማስነክሳቸው።