ጥራትን የመረጡ የወይን ጠጅ ነጋዴ

በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ከተማ አጠገብ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ትንሽ ሱቅ ከፍተው በኋላም የፈረንሳይን ወይን ጠጅ ማስመጣትንና ማከፋፈልን ሙያቸው ያደረጉት ሚስተር ከርሚት ሊንች፣ ብዛትን ትተው ጥራትን በመምረጣቸው፣ ንግድም በቅን ልቡና ሲያዝ ከጥበባት እንደ አንዱ የሚቈጠር መሆኑን አሳይተዋልና ምስጋና ይገባቸዋል።

ወደ ወይን ገበሬው ምድር ቤት ራሳቸው እየወረዱ፣ ከበርሜሉ እየቀመሱ መምረጣቸው ብቻ እንኳ ባስመሰገናቸው ነበር፤ እኔን ግን ይልቁን የሚያስደንቀኝ፣ በዚያ የቀመሱት ጣዕም ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲደርስ ተለውጦ ቢያገኙት፣ ጥፋቱ የመርከብ ጉዞው ሙቀት መሆኑን ተረድተው፣ ብዙዎች አስመጪዎች ወጪውን ሲሸሹ እርሳቸው በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ማስጫናቸው ነው። ይህን ድካም ገዢው በዐይኑ አያየውም፤ በምላሱ ግን ያገኘዋል።

ከዚህም ጋር፣ አጥብቆ ማጥለል የወይን ጠጁን መዓዛና ኃይል እንደሚነጥቀው ስላመኑ፣ ገበሬው ሳያጠልል በጠርሙስ እንዲሞላላቸው ይለምኑ ነበር፤ በጠርሙሱ ሥር ጥቂት አምቡላ ያየ ደንበኛ እንዳይሸሽም፣ በየጊዜው በሚያሳትሙት የሽያጭ ጽሑፍ ምክንያቱን በትዕግሥት ያስረዱት ነበር። በብዛት የሚቸበችብ አከፋፋይ ለእንዲህ ያለው ማስረዳት ከቶ ጊዜ ከየት ያመጣል? ለምሳሌ በፈረንሳይ፣ በባንዶል አገር፣ የፔይሮ ቤተ ሰብ ሙርቬድር በተባለው የወይን ዘር ላይ ያኖረው ተስፋ፣ የእርሻቸው የዶሜን ታምፒዬ ቀይ ወይን ጠጅም፣ በአሜሪካ ብዙ ወዳጅ ያፈራው በዚሁ ነጋዴ ጽናት ነው።