ጠብቆ የማይነበብ ድምፅ፦ የኮምፒውተር ተደራሽነት ቅንብሮችና ፊደል በገዳሪፍ ድንበር

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገላባት የሚሻገር መንገደኛ ከአማርኛ ማስታወቂያ ወደ ዐረብኛ ማስታወቂያ የሚደርሰው በጥቂት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ወዲህ፣ ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ሲሰፍሩ፣ ትግርኛም ከሁለቱ ጋር ተሰልፏል። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ፍልሰቱ ተገልብጦ ወደ መተማ ሆነ። ሱዳን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2009፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 አጽድቀዋል፤ የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ስለ ተደራሽነት፣ 11ኛው ስለ ጦርነትና ስለ ሰብአዊ ቀውስ ጊዜ ይደነግጋል። ሁለቱ አንቀጾች እንደዚህ ድንበር በአንድነት የሚፈተኑበት ስፍራ ጥቂት ነው።

በኮምፒውተር «ተደራሽነት» በሚባለው ክፍል የተደረደሩት ቅንብሮች ግን ተጠቃሚው አንድ ቋንቋ ብቻ እንዳለው፣ ያም ቋንቋ እንደተጻፈ እንደሚነበብ አድርገው የታሰቡ ይመስላሉ። ማጉያውና የቀለም ንጽጽሩ ለየትኛውም ፊደል ይሠራሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከድምፅ ነው።

አማርኛ የሚጠብቀውን ከሚላላው በጽሕፈት አይለይም። «ይሰጣል» ሲላላ ሰጪውን፣ ሲጠብቅ የሚሰጠውን ነገር ያመለክታል፤ «ኃላፊው አለ» ሰውየው መናገሩን ወይም መኖሩን ሊገልጽ ይችላል። የሚያይ አንባቢ ከዐውዱ ተረድቶ ራሱ ያጠብቃል። ፊደሉን ብቻ ተከትሎ የሚያነብ መሣሪያ ግን አንዱን ይመርጣል፤ አድማጩም መሣሪያው መምረጡን እንኳ አያውቅም። «ዋና በር» የመዋኛ በር ሆኖ ቢሰማ ያስቃል፤ የእህል ማደያ ማስታወቂያ ሲሆን ግን አያስቅም። የዩኒኮድ ሠንጠረዥ በ2005 ለጥብቀት ከፊደል በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦችን ጨምሯል። ምልክቱ ከመዝገበ ቃላትና ከሰዋስው መጻሕፍት ወጥቶ ወደ ዕለት ጽሑፍ አልዘለቀም፤ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሠራተኛ አሻሚ በሆኑት ሁለትና ሦስት ቃላት ላይ ብቻ ቢያኖረው፣ የድምፅ መሣሪያውም እንዲያውቀው ቢደረግ፣ ብዙ ይቃለል ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት ስም ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሃይሉ በአማርኛ ድምፅ አንድ ናቸው፤ በመዝገብ ፍለጋ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። ማየት የተሳነው ሰው ስሙ በየትኛው «ሀ» እንደተጻፈ በጆሮው ሊለይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያዊው ማይክል ከረን የተጀመረው ነጻ የስክሪን አንባቢ ኤንቪዲኤ አንድን ፊደል ደግሞ ለጠየቀው ሰው በመግለጫ ቃል የሚያስረዳበት ስልት አለው፤ መግለጫውም ለየቋንቋው ይዘጋጃል። ለአማርኛ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፦ የቄስ ትምህርት ቤት መልሱን አስቀድሞ ሰጥቷል። (ዓይነ ስውራን የቅኔ መምህራን ሲፈሩበት ለኖረው ትምህርት ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።)

በትግርኛ ነገሩ ይለወጣል፤ ሐ ከሀ፣ ዐ ከአ በድምፅ ይለያያሉ። ፊደሉን አይቶ ብቻ «ይህ አማርኛ ነው» የሚል ፕሮግራም ለኡም ራኩባ አንባቢ የገዛ ቋንቋውን በባዕድ አፍ ያነብለታል። የጽሑፉ ቋንቋ በሰነዱ ውስጥ ምልክት ከተደረገበት አንባቢው ድምፁን መቀየር ይችላል፤ ይህን ምልክት የሚያኖር ጸሐፊ ግን ብርቅ ነው።

ለእጅ ችግር የተሠራው ቅንብር፣ ማለትም ሺፍትን አንዴ ነክቶ እንደተያዘ የሚያስቆጥረው፣ ከታሰበለት በላይ ይጠቅማል። በላቲን ቁልፎች ድምፅን ተከትለው በሚጽፉ ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ተ ከጠ፣ ነ ከኘ የሚለየው በሺፍት ነው። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሺፍት ቢያመልጠው ትልቁ ፊደል ትንሽ ይሆናል፤ አማርኛ ጸሐፊ ቢያመልጠው «ጠራ» «ተራ» ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ የአጠቃቀም መመሪያ ይህ ቅንብር ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ሊመጣ ይገባዋል።

ጥራት ያላቸው አዳዲስ የአማርኛ ድምፆች ደግሞ በአብዛኛው በኢንተርኔት በኩል የሚደርሱ ናቸው። በየካቲት 2024 በሱዳን አብዛኛው ክፍል መስመሩ ተቋርጦ ነበር። በኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ያለ መስመር የሚያነበው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛን ያውቃል፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ የማሽን ነው፣ ነገር ግን መስመሩ በጠፋበት ቀንም ያነባል።