ዛፍ ሳይቆረጥ የሚሠራ ሜዳ

አንድ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ በጥሩ እጅ መሠራቱን ለማወቅ መጀመሪያ መታየት ያለበት መሬቱ ነው፤ ተጫዋቹ ተንደርድሮ የሚወረውርበት የአርማታ መደብ። ወርዱ ወደ 1 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጎበዝ ግንበኛ አርማታው ሳይጠነክር ሻካራ መጥረጊያ ከግራ ወደ ቀኝ ይጎትትበታል። የሚቀሩት ቀጫጭን ጭረቶች የውርወራውን አቅጣጫ አቋርጠው ስለሚያልፉ ዝናብ በጣለ ቀን እንኳ ጫማ አያንሸራትቱም። መደቡ ውኃ እንዳይቋጥር ዐይን በማያየው መጠን ዘንበል ይላል። የፊተኛው ጫፍ ደግሞ ከአፈሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። ዲስኩን የለቀቀ ሰው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መሄዱ ስለማይቀር፣ እዚያ ላይ የተተወች ትንሽ ደረጃ ቁርጭምጭሚት ታጥፋለች። ርካሽ ሥራ የሚታወቀው በዚህች ጫፍ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ሕጉ የጎልፍ ነው፤ በኳስ ፈንታ ዲስክ፣ በጉድጓድ ፈንታ ባለ ሰንሰለት ቅርጫት። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል።

ቅርጫቱ የተወለደው ከጭቅጭቅ ነው። የፍሪዝቢ አምራች በሆነው በዋም-ኦ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኤድ ሄድሪክ በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ላ ካኛዳ ፍሊንትሪጅ አጠገብ፣ ያኔ ኦክ ግሮቭ ይባል በነበረው መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ዘረጋ። ዒላማዎቹ ተራ ምሰሶዎች ነበሩ። «ነክቷል»፣ «አልነካም» የሚለው ክርክር ግን ጨዋታውን ያበላሸው ጀመር። ሄድሪክ ከልጁ ከኬን ጋር ሆኖ ለክርክሩ መፍትሔ አበጀ፤ በምሰሶው አናት ላይ ክብ ማንጠልጠያ፣ ከእሱ የሚወርዱ ሰንሰለቶች፣ ከሥር ቅርጫት። የፈጠራ መብቱ በ1977 ተሰጠው። ዳኛ የማያስፈልገው ዒላማ ማለት ይህ ነው፤ ዲስኩ ቅርጫት ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም።

ሰንሰለቶቹን ቀረብ ብላችሁ ብታዩአቸው የተወጠሩ አይደሉም። ከላይ ከሰፊው ክብ ተነሥተው ወደ ታች ሲወርዱ ወደ ምሰሶው ይሰበሰባሉ፤ መሐል ላይ ረገብ ብለው ይንጠለጠላሉ። ብልሃቱ ያለው በዚህ መርገብ ውስጥ ነው። 170 ግራም ያህል የሚመዝን ዲስክ ሲመታቸው ቅጭል ብለው ወደ ውስጥ ይሸሻሉ፤ ሲሸሹ ጉልበቱን ይበሉታል፤ ዲስኩም አቅም አጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ሰንሰለቱ ቢወጠር ኖሮ ዲስኩን እንደ ግድግዳ ይመልሰው ነበር፤ ብዛቱ ቢያንስ ደግሞ በመሐሉ ሾልኮ ያመልጣል። የኋላ ሠሪዎች ከውጪው ረድፍ ጀርባ ሁለተኛ ረድፍ የጨመሩት ለዚህ ነው።

ሄድሪክ በ2002 ሲሞት፣ በኑዛዜው መሠረት፣ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል። ፍቅር ማለት እንዲህ ነው!

መደቡና ቅርጫቱ ግን በገንዘብ የሚገዙ ናቸው። በገንዘብ ብቻ የማይገኘው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ጥሩ ነዳፊ መጥረቢያ ይዞ ሳይሆን ባለ ቀለም ጥብጣብ ይዞ ጫካ ይገባል። በበጋም በክረምትም ይመላለሳል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው የሚተኛበትን፣ ቅጠል ሲረግፍ የሚከፈተውን ያያል። ቀኝ እጁን ከደረቱ ወደ ውጭ ዘርግቶ የሚወረውር ሰው ዲስኩ ፍጥነት ሲያጣ ወደ ግራ ይታጠፋል። ስለዚህ መንገዶቹ ሁሉ ወደ ግራ ከዞሩ ሜዳው ለቀኝ እጅ አድልቷል ማለት ነው። የተማረ ነዳፊ ያፈራርቃቸዋል፤ በአንዱ ላይ ሁለት ዛፎችን እንደ በር ይጠቀማል፣ በሌላው ቅርጫቱን ከቁልቁለት አፋፍ ያስጠጋል። ከእያንዳንዱ ቅርጫት ወደ ቀጣዩ መደብ ጥቂት እርምጃ፣ የመጨረሻው ደግሞ መኪና ማቆሚያው አጠገብ። የእግረኛ መንገድን የሚያቋርጥ ውርወራ አንድም አይኖርም። በኔ ግምት የነዳፊ ሙያ የሚለካው ሳይነካው በተወው ነገር ነው።

አዲስ ሜዳ እንዲሠራላቸው የሚደክሙ ሰዎች ግን ስብሰባ ላይ ቆመው ስለ ጨዋታው ጣዕም ያወራሉ። የፓርክ አስተዳደሩ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ስንት ዛፍ ይቆረጣል? ሕፃን ይዞ የሚንሸራሸር ሰው ይመታ ይሆን? ጥገናውን ማን ይችለዋል? ለዚህ የሚመልሰው ጥሩ ካርታ ነው። 18 ጉድጓድ ያለው የተለመደ የጎልፍ ሜዳ ከ40 ሄክታር በላይ ሲፈልግ፣ የዲስኩ ሜዳ በ8 ሄክታር አካባቢ ይበቃዋል፤ ያውም ለሌላ ስፖርት በማይመች ዳገትና ጫካ። ሣሩ እንዳይሞት በየቅርጫቱ ሁለት ሦስት የብረት ቱቦ መሬት ውስጥ በአርማታ ይቀበርና ቅርጫቱ በየጊዜው ከአንዱ ተነቅሎ በሌላው ይተከላል፤ የተረገጠው ቦታ ያርፋል። ወጪውን ብዙ ጊዜ የሰፈር ሱቆች ይካፈሉታል፤ ስማቸው በየመደቡ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የጉልበት ሥራው የቅዳሜ ዘመቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳምነው ግን ተንቀሳቃሽ ቅርጫቶችን ለአንድ ቀን ፓርኩ ውስጥ አቁሞ፣ የተጠራጠረውን ሰው ዲስክ ማስጨበጥ ነው። ሰንሰለቱን አንዴ ያስጮኸ ሰው ተቃውሞው ይለዝባል።

በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በጌተርስበርግ ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ በጫካ የተዘረጋ ሜዳ አለላችሁ፤ ለሽርሽር ስትወጡ ጎራ ብላችሁ እዩት። በሰፈራችሁ ፓርክ ላይ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራም አትቅሩ። ሜዳ እንሥራ የሚል ሰው ከተነሣ ስለ ቅርጫቱ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን እንደነደፈው፣ ጫካውንም ስንት ወቅት እንደተመላለሰበት ጠይቁት።