የናፍቆት ዘፈን ውድድር ሲገባ በምን ይመዘናል?

ፖርቱጋል በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር መሳተፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ያሸነፈችው ግን ከ53 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ያን ጊዜ ሳልቫዶር ሶብራል እህቱ ሉዊዛ የደረሰችለትን ዘፈን በገዛ ቋንቋው ኪየቭ ላይ ተጫውቶ 758 ነጥብ ሰበሰበ። ከዚያ በፊት አገሪቱ ፋዶ ፋዶ የሚሸቱ ዘፈኖችን ደጋግማ ልካለች፦ ዱልሴ ፖንቴስ በ1991 ሮም ላይ 8ኛ፣ ቫንያ ፈርናንዴስ በ2008 ቤልግሬድ ላይ 13ኛ ወጥተዋል።

ፋዶ የሊዝቦን ሰፈሮች እንጉርጉሮ ነው፤ መቱ ወይም ጎሬ ላለ አድማጭ ባዕድ አይሆንም። ትዝታን ያውቃላ! ደግሞም ኦሮምኛውም አማርኛውም ዘፈን በሚሰማባቸው በኢሉባቦር ከተሞች ያደገ ጆሮ፣ ግጥሙ ባይገባውም ዜማውን መመዘን አይቸግረውም።

የመጀመሪያው መለኪያ ቅኝት ነው። ትዝታ አምስት ድምፆች አሉት፤ ሦስተኛውና አምስተኛው ግማሽ እርከን ዝቅ ሲሉ ሙሉው ትዝታ ግማሽ ትዝታ ይሆናል። ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር ነው ስሜቱን የሚለውጠው። ስለዚህ ዳኛው ከበሮውንና ኪቦርዱን በሐሳቡ አውጥቶ ድምፃዊውን ብቻውን ያስቀረው። ዜማው አሁንም አገሩን ይናገራል? ባለ 12 ክሩ የፖርቱጋል ጊታር በመግቢያው ላይ ብቅ ብሎ ከጠፋ፣ ያ ጌጥ ነው።

ቀጥሎ የድምፅ አጠቃቀም ይታያል። የድምፅ ማርገብገብ በየቃሉ ላይ ከተረጨ ይሰለቻል። በዛወርቅ አስፋው ትዝታን ስትጫወት ድምጿን የምታርገበግበው ስንኙ ሲጠይቅ ነው።

ፍጥነት ግን ማንንም አያሳስት። ጌታቸው ካሣ ትዝታን በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል፤ ሁለቱም ትዝታ ናቸው።

ከባዱ ፈተና ጊዜ ነው። ትዝታ ዘፋኙ ስንኝ እየጨመረ እንደ ልቡ የሚያስረዝመው ዘፈን ነው፤ ዩሮቪዥን ከ3 ደቂቃ በላይ አይፈቅድም። ፖርቱጋላዊቷ ዘፋኝ ማሮ በ2022 ቱሪን ላይ መፍትሔውን አሳይታለች፦ አምስት ሴቶች ከበዋት፣ ድምጿን ሳታስጮህ፣ ሳትቸኩል ዘፈነች። 9ኛ ወጣች።

ከእኛ ወገን የሚነሳው ምሳሌ ኤደን አለነ ናት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን፣ በ2020 እስራኤልን ወክላ ልትጫወት የተመረጠላት ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል፤ አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅለውበታል። ኮሮና ውድድሩን አሰረዘው። በ2021 በሌላ ዘፈን ሮተርዳም ሄዳ፣ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛ የተባለውን ድምፅ አውጥታ 17ኛ ሆነች። ችሎታዋ አያጠያይቅም። «ፍቅር ልቤ» ግን አማርኛውን ለአዝማች ያዋለ የዳንስ ዘፈን ነው፤ በቅኝት ሚዛን ከማሮ ያንሳል። አንባቢ ሁለቱንም አከታትሎ ያዳምጥና የራሱን ፍርድ ይስጥ።