በሐዋርያት ስም የተጻፈው ሁሉ
ስለ መሪነትና ሥልጣን የሚናገሩ መጻሕፍት ሲመረመሩ

የኦሪት ልጆች ሆነን ሳለ ስለ ክርስቲያን ሐዋርያት ስንጽፍ የሚገረም አይጠፋም። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ አባቶቻችን በጎንደርና በሰሜን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲኖሩ በዙሪያቸው ሕግ ተብለው የሚጠቀሱት እነዚሁ መጻሕፍት ነበሩ። ሁለተኛ፣ የምንኖርባት ዓፉላ ከናዝሬት በስተደቡብ ናት፤ ጴጥሮስና እንድርያስ ዓሣ ያጠመዱበት የገሊላ ባሕርም ሩቅ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የዚህ አገር አይሁድ ነበሩ። ማን ይምራ፣ ማንስ ይዘዝ ብለው የተከራከሩትም ሰንበትን እያከበሩ፣ ቤተ መቅደስ እየወጡ ነው።

አስቀድመን የሐዋርያት ሥራን እንመልከት። በምዕራፍ 6 የተጻፈው ነገር መርከዝ ቅሊታን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በኢየሩሳሌም የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ ነባሮችና ግሪክኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ማኅበር ይኖሩ ነበር። የዕለቱ ምግብ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ስለ ተረሱ ማጉረምረም ተነሣ። አሥራ ሁለቱ ያጉረመረሙትን አልገሠጹም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ራሳችሁ ምረጡ አሉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ሥራው የተሰጠው በደል ደረሰብን ካሉት ወገን ለሆኑ ሰዎች ይመስላል።

ምዕራፍ 15ም እንዲሁ ነው። ከአሕዛብ የመጡት ይገረዙ ወይስ አይገረዙ የሚል ክርክር ሲነሣ ጴጥሮስ ብቻውን አልወሰነም። እሱ የሚያውቀውን ተናገረ፤ ጳውሎስና በርናባስ በሩቅ አገር ያዩትን መሰከሩ፤ ያዕቆብም ሁሉን ሰምቶ ፍርዱን አቀረበ። ደብዳቤው ግን የተላከው በሐዋርያት፣ በሽማግሎችና በማኅበሩ ሁሉ ስምምነት ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ደግሞ አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስን ፊት ለፊት እንደ ተቃወመው ሳይደብቅ ይናገራል። የሐዋርያት ሥራ ይህን ጠብ አይነግረንም፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ መሪዎቹ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቱና ሲታረሙ እናያለን።

ዲድስቅልያን ስንገልጥ ሌላ ድምፅ እንሰማለን። አሥራ ሁለቱ ኢየሩሳሌም ተሰብስበው በአንድ አፍ እንደ ጻፉት ሆኖ ይጀምራል። ሊቃውንት ግን መሠረቱ በ3ኛው ምእተ ዓመት በሶርያ አካባቢ በግሪክኛ እንደ ተጻፈ፣ ወደ ግእዝም ከዐረብኛ እንደ ተመለሰ ያስረዳሉ። እዚህ ሐዋርያት አይከራከሩም፤ ያዛሉ። ኤጲስ ቆጶሱ እንደ አባትና እንደ ንጉሥ ይከበር ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ኤጲስ ቆጶሱ ለድሀ እንዲያስብና በአድልዎ እንዳይፈርድ መጽሐፉ አጥብቆ ያዝዛል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መበለቲቱ ለባልንጀራዬ የበለጠ ተሰጣት ብላ ብታጉረመርም ተግሣጹ በእሷ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ የሐዋርያት ስም ብዙ ሥራ ሠርቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን ከእሑድ ጋር ማክበር የሐዋርያት ትእዛዝ ነው ብለው ሲከራከሩ፣ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት ይቃወሟቸው ነበር። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰንበትን ለቤተ ክርስቲያኑ አጸደቀ። ሆኖም ያው ንጉሥ ሰንበትን ከኦሪት ይዘው የኖሩትን ወገኖቻችንን አሳደደ። ከገዛ ልጆቹ አንዱ፣ ጸጋ አምላክ፣ ወደ አባ ጸብራ ሄዶ ከእኛ ጋር እንደ መነኰሰ አባቶቻችን ይተርካሉ። ሰንበት ያው ሰንበት ናት፤ ጠቡ በማን ሥልጣን ትከበር የሚል ነበር።

ሌላም እንጨምር። በ13ኛው ምእተ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ የተሰበሰበው ፍትሐ ነገሥት በአራተኛው አንቀጹ ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው ፓትርያርክ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ክልከላው በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ቀኖና ነው ተብሎ ይጠቀስ ነበር። የጉባኤው እውነተኛ ቀኖናዎች ግን 20 ሲሆኑ ይህ ከመካከላቸው የለም። አገሪቱ ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፣ ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1951፣ ፓትርያርክ የሆኑት በ1959 ነው። ጉባኤው ያልተናገረው ቃል ስንት ትውልድ እንዳሰረ ልብ ይሏል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታችንን ቢያጸድቁም፣ ራባኑት የጥቢላ ሥርዓት ስለ ጠየቀ በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በአገር ቤት ያጋባ፣ ያፋታ፣ ያስታረቀ ቄስ እዚህ የማጋባት ሥልጣን የለህም ተባለ። ታዲያ ከውሳኔው በፊት ቄሶቻችንን ቁጭ አድርጎ የጠየቃቸው ስንቱ ነው? ኦሪታችን በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው ርስት ሲጠይቁ፣ እግዚአብሔር እውነት ተናገሩ እንዳለ ይነግረናል። ሙሴ አቤቱታቸውን ሰምቶ ወደ እግዚአብሔር አቀረበ እንጂ ዝም በሉ አላላቸውም።

ነገር ግን ወቀሳውን በሌላው ላይ ብቻ አንጥል። በስብሰባዎቻችን "አባቶች እንዲህ ብለዋል" የሚል ድምፅ ሲነሣ ክርክሩ ይዘጋል። የትኛው አባት? በየትኛው መንደር? ማን ሰማ? እኛም ራሳችን የሽማግሎችን ቃል በካሴት ስንቀዳ ኖረን፣ ከአንድ ቄስ የሰማነውን የሁሉም ቃል አስመስለን የጻፍንበት ጊዜ አለ። ሁለት ቄሶች ስለ አንድ ሥርዓት ሲለያዩ፣ እንዳያሳፍረን ብለን አንዱን ትተናል። ያ የዲድስቅልያ አጻጻፍ ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ልጆቻችንን የምንለምነው ይህን ነው። በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ስትጽፉ የተናጋሪውን ስም በፈቃዱ፣ አገሩንና የሰማችሁበትን ጊዜ ጻፉ። ያልተስማማ ሽማግሌ ካለ የእሱንም ቃል ከጎኑ አስቀምጡ። እኛም የቀድሞዎቹን ካሴቶች እንደገና እያዳመጥን፣ የተውነውን ድምፅ ወደ ቦታው መመለስ ጀምረናል።